የሲሊከን ናኖ ቺፕ ለማስ ስፔክትሮሜትር፦ ከተጠቀምኩት በኋላ

ማስ ስፔክትሮሜትር ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነው። እኛ ላብራቶሪ የለመድነው ማልዲ የሚባለውን ዘዴ ነው፣ ሳምፕሉን ከማትሪክስ (የሌዘሩን ጉልበት ከሚቀበል ረዳት ኬሚካል) ጋር ቀላቅለን የብረት ሰሌዳ ላይ ጠብ አርገን ሲደርቅ በሌዘር መምታት። ለፕሮቲን እንከን አይወጣለትም። ትናንሾቹ ላይ ነው ጉዱ፣ ማትሪክሱ ራሱ ሞለኪውል ስለሆነ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች ያለውን በራሱ ፒክ (ግራፉ ላይ በሚወጣ ሹል ምልክት) ይሞላዋል፣ የኛው ማትሪክስ ሲኤችሲኤ 172 እና 190 ላይ ይወጣል፣ ካፌይን ደግሞ 195 ላይ ነው፣ እስቲ እዛ ጫካ ውስጥ ለይታችሁ አውጡት።

ለዛ ነው ማትሪክስ የማይፈልገውን ቺፕ ያስገዛሁት። ሲሊከን ነው ግን ከሰል ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም ላዩ ላይ በናኖሜትር የሚለኩ መርፌዎች ስላሉበት ብርሃን አይመልስም። የእሳት ራት ዓይንም እንደዛው ነው፣ ጥቃቅን ጉብታዎቹ ናቸው እንዳያብለጨልጭ የሚያደርጉት። ቺፑ ላይ ደግሞ ያልተመለሰው የሌዘር ጉልበት ሲሊከኑን በቅጽበት ያግለውና ሞለኪውሉን ያስነሳዋል። ባለቀዳዳ ሲሊከን ያለ ማትሪክስ እንደሚሰራ ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው በ1999 ነው፣ ሀሳቡ የቆየ ነው።

እኔ በጣም የወደድኩት ግን ጠብታውን ነው። ዝናብ ሲያባራ የጎደሬ ቅጠል ላይ ውሃው ሳያርሰው ሲንከባለል አይታችሁ የለ? በቃ እሱ ነው፣ ቺፑ ላይ ጠብታው አይዘረጋም፣ ድቡልቡል እንዳለ ይደርቅና በውስጡ የነበረው ሁሉ አንዲት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፣ ሌዘሩም እዛው ያገኘዋል። ጀበና ውስጥ የቀረ ቡና በውሃ በደንብ አቅጥኜ ሞከርኩ፣ 195 ላይ ካፌይን፣ 138 ላይ ትሪጎኔሊን የሚባለው ሌላው የቡና ውህድ፣ ቁልጭ ብለው! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፣ ጓደኞቼን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ። እሽጉ አንዴ ከተከፈተ ሲሊከኑ ከአየር ጋር ኦክሳይድ እየሆነ ይሄዳል፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሚተነውንም ቅባት ምኑንም ይሰበስባል፣ እኛ ከፍተን ያቆየነው ሳምፕል ሳይነካው ራሱ የማናውቀው ፒክ ያወጣ ጀመር፣ ሻጩ ይሄን ማሸጊያው ላይ አለመጻፉ በጣም አናዶኛል። የፒፔት ጫፍ ከነካው መርፌዎቹ ይሰበራሉ፣ አጥቦ መድገም የሚባል ነገር አልሆነልንም፣ ዋጋውም ይከብዳል። ትላልቅ ፕሮቲን ላይ ደግሞ ከማትሪክስ ጋር አይወዳደርም፣ ለዛ ብላችሁ ብር እንዳታወጡ።

ለአሚኖ አሲድ፣ ለመድኃኒት፣ ለአጫጭር ፔፕታይድ ግን ግዙት፣ ትንሹን ፓክ፣ በቀኑ የምትጨርሱትን ብቻ ክፈቱ። እኛም አሁን እንደዛ ነው ያዘዝነው።