ሐዋሳ ላይ ላፕቶፕ ቢሞትባችሁ «ፎርማት ይደረግ» እንዳትሉ

ከሐዋሳ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ስለ ዓሣውና ስለ ባጃጁ በኋላ አወራለሁ። መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ።

ያረፍኩት አክስቴ ቤት፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው። አንድ ማታ ላፕቶፔ አፕዴት መጫን ጀመረ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ እያለሁ ይሄ ችግር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። «61 በመቶ፣ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» ይላል። መብራት ሄደ። ጮኼ ኖሯል፣ አክስቴ ሻማ ይዛ እየሮጠች መጣች።

መብራት ሲመጣ አበራሁት። አርማው ይወጣል፣ ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋል። እንደገና አርማ፣ ነጠብጣብ፣ ሰማያዊ። ሦስት አራት ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ ቁልፍ ቁጥር አስገባ የሚል ገጽ ወጣ። የምን ቁልፍ? እኔ ምንም ቆልፌ አላውቅም።

ሥራው ቢቀር ይቅር። ያስጨነቀኝ ፎቶዎቹ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ የአክስቴን አልበም ገጽ በገጽ በስልኬ ሳነሳ ነበር የከረምኩት። አባቴ ጎረምሳ እያለ ሐይቁ ዳር ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ የተነሳው ሁሉ አለ። ስልኬ ሲሞላብኝ ወደ ላፕቶፑ ገልብጬ ከስልኩ አጥፍቻቸዋለሁ።

በማግስቱ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ባለ መስታወት በር ሱቅ ወሰድኩት። ሰውዬው ገና ሳይከፍተው «ከውጭ ነህ አይደል፣ ብራዘር?» አለኝ። አዎ አልኩ። ያቺ አዎ ስንት እንዳስከፈለችኝ አሁን ነው የገባኝ። ለማየት ብቻ 1,500 ብር። በነጋታው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ፣ ዋናው የውስጥ ሰሌዳ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ 18,000 ብር፣ ግማሹ ቀብድ። «ዲስኩንም ፎርማት አድርገን በአዲስ ዊንዶውስ እንሰጥሃለን።» ፎርማት ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው። ፎቶዎቹስ ስለው «እሱ እንግዲህ...» ብሎ ስልኩን አነሳ።

9,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ ስጠይቀው «እንተማመን እንጂ» አለኝ።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ነገ ና። ነገ ሄድኩ። ዕቃው ሻሸመኔ ደርሷል፣ ከሰዓት ና። ከሰዓት ሄድኩ። ልጁ ምሳ ወጥቷል። ከሻሸመኔ ሐዋሳ እኮ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በእግሬ ሄጄ ባመጣው ይደርስልኝ ነበር። ሐምሌ 18 ስሄድ «ነገ ገብርኤል ነው፣ ዝግ ነን» አለኝ። በዚህስ አልከፋኝም፣ ከተማው በምዕመናን ተጥለቅልቆ ነበር፣ እኔም ከአክስቴ ጋር ሄጄ አነገስኩ። በ20 ስመለስ ግን «ባለሙያው አልገባም»። እዚያ ቢሆን በቴክስት ያሳውቁኝ ነበር፣ ቢያንስ ስልክ ያነሱ ነበር እያልኩ አክስቴ ላይ ስነጫነጭ «እንግዲህ አሜሪካህን ተወውና ዕቃህን ተቀበል» አለችኝ።

ተቀበልኩ። ከቀብዱ 6,000 ብር መለሰልኝ። 3,000ው «የትራንስፖርት» ነው። ያልመጣ ማዘርቦርድ ትራንስፖርት! የላፕቶፑ ሆድ ላይም ሁለት ብሎን የለም።

ተናድጄ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ነው መፍትሔውን ያመጣው። «ጋሼ፣ እኔ አንድ ልጅ አውቃለሁ» ብሎ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ አወረደኝ። (ጋሼ! ባለፈው ስመጣ ወንድሜ ነበርኩ።) የስልክ ከቨርና ቻርጀር ተንጠልጥሎባታል። ልጁ ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። «ይቀመጡ ጋሼ» ብሎ በርጩማ ሰጠኝና ላፕቶፑን መጀመሪያ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ሰካው። «አሁን ደግሞ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ጭራሽ ይሞታል» አለ።

አበራው። አርማው ወጣ። ሳቀ።

«ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ከሆነ ይሄን ማን አወጣው?»

ከዚያ ያንን ቁጥር የሚጠይቀውን ገጽ አሳየኝ። ቢትሎከር ይባላል፣ ዲስኩን የሚቆልፍ ነገር ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገቡ አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ራሳቸው ይቆልፉታል፣ ቁልፉንም አካውንቱ ውስጥ ያስቀምጡታል። 48 አሃዝ ነው፣ ስድስት ስድስት ሆኖ በስምንት ቦታ የተከፈለ። «ፎርማት አድርገውት ቢሆን ፋይሉን ማንም አይመልስልዎትም ነበር» ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። የሚያሳፍረው፣ በሐምሌ 2016 በአንድ የተበላሸ አፕዴት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ሰማያዊ ሲሆን መሥሪያ ቤታችን ይህንኑ ቁልፍ ፍለጋ ሲተራመስ አይቻለሁ። የራሴን ግን አልፈለግኩም።

በልጁ ስልክ አካውንቴን ልከፍት ስል ማይክሮሶፍት ኮድ በቴክስት ልኬያለሁ አለኝ። የላከው ወደ ባለቤቴ ቁጥር ነው። ሐዋሳ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፣ ሜሪላንድ ከሌሊቱ ዘጠኝ። ደወልኩ።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ላፕቶፑ።»

ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ኮዱን ግን አነበበችልኝ።

አካውንቱ ውስጥ ሦስት ቁልፎች ተደርድረዋል፣ የድሮ ኮምፒውተሮቼም አሉበት። ልጁ ስክሪኑ ላይ ካለው የቁልፍ መለያ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደልና ቁጥር ከእያንዳንዱ ጋር አስተያይቶ የኔን ለየ። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይመታል። የጥገናው ገጽ ተከፈተ። ከዚያ ያደረገው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ኖትፓድ (ያቺ ቀላል የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም) ብሎ ጻፈ። ኖትፓድ ሲመጣ «ፋይል ክፈት» ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ፋይል እንዲያሳይ አደረገና ከዚያችው ትንሽ መስኮት የፎቶዎቹን ፎልደር ኮፒ አድርጎ ፍላሽ ላይ ለጠፈው። ዊንዶውስ ገና አልተነሳም እኮ! «መጀመሪያ ፋይል፣ ጥገናው ይደርሳል» አለኝ።

ጥገናውማ ቀላል ሆኖ ተገኘ። እዚያው የጥገና ገጽ ውስጥ የመጨረሻውን አፕዴት አስወግድ የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ነካ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። እኔ ከጎኑ ካለችው ቤት ማኪያቶ ጠጥቼ ስመለስ ላፕቶፑ ተነስቶ ዲስኩን እየመረመረ ነበር።

ስንት ልክፈል አልኩት። «ስምንት መቶ።» ሁለት ሺህ ብሰጠው ተግደርድሮ ተቀበለ። ፍላሹ ግን የራሱ ስለነበር ዋጋውን ለብቻ አስከፈለኝ፣ ደስ አለኝ።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ባጃጆቹ ላይ ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ፣ «ኮንትራት» ካሏችሁ ውረዱ። አሞራ ገደል በጠዋት ሂዱ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲገቡ። የዓሣ ሾርባው እንደ ድሮው ነው። ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ ሐይቁን እያየሁ የት አገር እንደምኖር ረስቼ ነበር። ጥብሱ ግን ተወዷል፣ ወይም እኔን ሲያዩ ተወዷል።

ልጁ ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ያለውም ሥራ በዝቶበታል። መናኸሪያ ወርዳችሁ ባጃጆቹን ጠይቁ።

ልሄድ ስል «ቆይ ጋሼ» ብሎ ከቡና ጣሳ ውስጥ ብሎን ሲፈልግ ቆየ። አንዱ በልኩ ተገኘ። ሌላው ትንሽ ይረዝማል፣ «ጠረጴዛ እንዳይቧጭርብዎት» ብሎ ጫፉ ላይ የፕላስተር ቁራጭ ለጠፈበት። ይሄን ስጽፍ ላፕቶፑ በዚያች ጥግ በኩል ከፍ ብሎ ይንገዳገዳል።