ሁለት ሰንስክሪን፣ አንድ ዓይነት ቁጥር

ሁለተኛ ልጄን ከወለድሁ በኋላ ጉንጮቼና ግንባሬ ላይ ማድያት ስለወጣብኝ፣ የቆዳ ሐኪሜ ካዘዘችልኝ መድኃኒት ጎን ለጎን በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ ቅባት (ሰንስክሪን) እንድጠቀም አጥብቃ አሳሰበችኝ። ከዚያ ወዲህ የሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ምርት የሆኑ ሰንስክሪኖችን ተራ በተራ ተጠቅሜያለሁ። በሁለቱም ላይ ኤስፒኤፍ 50 የሚል ተጽፏል፤ ኤስፒኤፍ ቅባቱ ከፀሐይ ቃጠሎ የሚከላከልበት ልክ ነው፤ ሁለቱም 50 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፤ አገልግሎታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነበር። የምርቶቹን ስም የተውሁት፣ ገዢ ወደ ፋርማሲ ሲሄድ በማሸጊያው ላይ ያሉትን ምልክቶች ራሱ አንብቦ እንዲመርጥ ስለምሻ ነው።

የመጀመሪያው ወፈር ያለ ነጭ ቅባት ሲሆን ዋናው መከላከያው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ማዕድን ቆዳን አያስቆጣም፤ ነገር ግን በጠይም ፊት ላይ ሲቀባ አመድማ መልክ ይተዋል፤ በደንብ ካልታሸም በቅንድብና በፀጉር ዳር ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኔም ያንን መልክ ስለጠላሁት መጠኑን በየቀኑ እየቀነስሁ ሄድሁና በመስከረም የከፈትሁት ቱቦ እስከ የካቲት ድረስ ቆየልኝ። ያን ጊዜ ቁጠባ መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ኤስፒኤፍ 50 የሚለው ቁጥር በቤተ ሙከራ የሚገኘው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ሲቀባ ነው። ይህም ለፊትና ለአንገት ከአንድ ግራም ትንሽ ከፍ ይላል፤ በጠቋሚና በመሃል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ ሁለት መስመር ቅባት ማለት ነው። በዚህ ልክ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀባ ሰው 50 ሚሊ ሊትሩን በአንድ ወር ተኩል ገደማ ይጨርሳል። አምስት ወር ያቆየሁት እኔ ከሚገባው ሲሶውን ብቻ ስቀባ ነበር ማለት ነው፤ የገዛሁት 50 ቁጥርም ፊቴ ላይ 50 ሆኖ አያውቅም።

ስለ ቁጥሩ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰዎች ኤስፒኤፍ 50 ማለት ያለ ቅባት ከሚቆዩበት ጊዜ ሃምሳ እጥፍ ፀሐይ ላይ መቆየት ማለት ይመስላቸዋል። ቁጥሩ የሚለካው ግን ቆዳን እስከ ማቅላት የሚያደርሰውን የጨረር መጠን ነው፤ ያም መጠን በማለዳ በብዙ ሰዓት፣ በቀትር በጥቂት ደቂቃ ይሞላል። በትክክለኛው ልክ ሲቀባ ኤስፒኤፍ 30 ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን፣ ኤስፒኤፍ 50 ደግሞ 98 በመቶውን ይከለክላል። ስለዚህ ባለ 30ውን በሚገባ የቀባ ሰው ባለ 50ውን እንደ እኔ ቆጥቦ ከቀባው ይልቅ እጅግ የተሻለ ጥበቃ ያገኛል።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ በመጀመሪያው ቱቦ ላይ ጨርሶ ያልነበረው ምልክት ነው። ኤስፒኤፍ በዋናነት የሚናገረው ቆዳን ስለሚያቃጥለው ዩቪቢ ጨረር ነው። ምድር ላይ ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት ከሚባለው ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር 95 በመቶ ያህሉ ግን ዩቪኤ ነው፤ እርሱም ወደ ቆዳ ጠልቆ ይገባል፣ ማድያትን ያጠቁራል፣ የመስኮት መስታወትንም ያልፋል። ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል የሚቀመጥ ሰው ባይቃጠልም ይህ ጨረር ያገኘዋል። በአውሮፓ ምርቶች ላይ ዩቪኤ የሚሉት ፊደላት በክብ ውስጥ ከተጻፉ የዩቪኤ ጥበቃው ቢያንስ የኤስፒኤፉን ሲሶ ያህላል ማለት ነው። በጃፓንና በኮሪያ ምርቶች ላይ ፒኤ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የመደመር ምልክቶች ይደረደራሉ፤ አራት መደመር ከፍተኛው የዩቪኤ ጥበቃ ነው። ከእነዚህ አንዱን ወይም የአሜሪካ ምርቶች ለሁለቱም ጨረሮች የሚሠራ መሆኑን የሚገልጹበትን ጽሑፍ ያልያዘ ቱቦ፣ ቁጥሩ 100 እንኳ ቢሆን አልገዛም።

ሁለተኛው ሰንስክሪን ክቡ ምልክት አለው፤ በተጨማሪም ቡናማ ቀለም የተቀላቀለበት ነው። ቀለሙን ለውበት ብቻ የተጨመረ አድርጌ አይቼው ነበር፤ ሐኪሜ ግን ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ራሱ በጠይም ቆዳ ላይ ማድያትን እንደሚያባብስ፣ ለቅባቱ ቀለም የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድም ይህን ብርሃን እንደሚከላከል አስረዳችኝ። ቅባቱ ከፊቴ ጋር ስለሚመሳሰል ሙሉውን ሁለት ጣት ያለ ሰቀቀን እቀባለሁ፤ ለእኔ ትልቁ ብልጫው ይህ ነው። ጉድለትም አለው፤ የነጠላንና የሸሚዝን አንገትጌ ያቆሽሻል፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው እጥፍ ገደማ ነው። ማድያቴ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በግልጽ ደብዝዟል፤ መድኃኒቱን መውሰድ ስላላቋረጥሁ ግን ውጤቱን ሁሉ ለቅባቱ አልሰጥም።

ጥቁር ሰው ሰንስክሪን አያስፈልገውም የሚሉ ዘመዶች አሉኝ። የቆዳችን ቀለም በእርግጥ ከመቃጠል በመጠኑ ይጠብቀናል፤ ከማድያትና ከጥቁር ነጠብጣብ ግን አያድነንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጨረሩም በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ፀሐይዋን ይንቃታል፤ አልትራቫዮሌት ግን ሙቀት ሆኖ አይሰማም። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጅ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ እንደገና መቀባት አለበት፤ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣም ከማንኛውም ቅባት ያልተናነሰ ዋጋ አላቸው። አልቢኒዝም (ከተወለዱ ጀምሮ የቆዳ ቀለም ማጣት) ላለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ ይህ ቅባት ከቆዳ ካንሰር የሚጠብቅ መድኃኒት ስለሆነ፣ በውድ ዋጋ መሸጡ ከልብ ያሳስበኛል።

ለሚገዙ ሰዎች የማክለው ከሻንጣ ነጋዴም ሆነ ከፋርማሲ ሲወስዱ የአገልግሎት ማብቂያውን ቀን እንዲያዩ፣ ፊት አቀላለሁ የሚል ቅባት ላይ የተጻፈን ኤስፒኤፍ አምነው እንዳይገዙ፣ ቱቦውንም ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ እንዳያስቀምጡ ነው። እኔ አሁን ሁለተኛውን ምርት ደግሜ ገዝቻለሁ፤ የከፈትሁበትንም ቀን በእስክሪብቶ ታችኛው ጫፍ ላይ ጽፌበታለሁ፤ ከሁለት ወር በላይ ከቆየልኝ መጠኑን መልሼ መቀነሴን አውቃለሁ።