ለደንገጎ ዳገት የመረጥኩት ቱርቦ፦ ከወራት በኋላ

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1994 የተመረተች ሃይሉክስ ሰርፍ ናት። ሞተሯ ዋን ኬ ዜድ ነው፤ 3.0 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ናፍጣ። ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) አላት፤ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ) ግን የላትም። የድሮው ቱርቦ ዘይት መትፋት ጀመረ። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ሰፈሩን ይሸፍነዋል። መቀየሩ ግድ ነበር። ያከራከረን በምን ይቀየር የሚለው ነው።

ድሮ ቢሆን «ሽጣትና ሌላ ግዛ» የሚለኝ ይበዛ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን ሁሉም የያዘውን ማስታመም ይዟል። እኔም እንደዛው።

ለማይቸኩል ሰው ዝርዝሩ ከታች አለ። ለሚቸኩል ግን፦ ወድጄዋለሁ፣ ዛሬም ብገዛ ይሄንኑ እገዛለሁ። ሻጩ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው የመሃሉን ካርትሪጅ (ዘንጉንና ተሽከርካሪዎቹን የያዘውን ክፍል) ብቻ ቀይሮ እንደነበረው መመለስ ነው። ርካሹ መንገድ ይሄ ነው። ሁለተኛው «ሃይብሪድ» የሚሉት ነው። የጭሱ በኩል ቀፎ የራሱ የሲቲ 12ቢ (ከፋብሪካ የመጣው ቱርቦ) ሆኖ፣ አየር የሚጨምቀው ተሽከርካሪ በትልቅ ይተካል። ቦታው ላይ ያለ ምንም ብየዳ ይገጥማል። ሦስተኛው ትልቅ ቱርቦ ነው፤ ማያያዣ ተሠርቶለት፣ የጭስ ቱቦው ተቆርጦ ተበይዶ የሚገባ። ጋራዥ ውስጥ ወጣቶቹ በሙሉ ሦስተኛውን ነበር የሚደግፉት። አንዱማ «አቦ፣ ካደረግከው አይቀር!» ብሎ ሊያጣድፈኝ ሞከረ።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ምክንያቱ ደንገጎ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ትንሽ ነድተህ በአጭር ርቀት ወደ 2,000 ሜትር ትወጣለህ። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው። ከፊትህ ሲኖትራክ በመጀመሪያ ማርሽ እየተንፏቀቀ ነው። ለመቅደም የምታገኘው ክፍት ቦታ ደግሞ አጭር ነው፤ ሞተሩም የሚገኘው በደቂቃ 1,600 ወይም 1,700 ዙር ላይ ነው። ጉልበት የምትፈልገው እዚያች ላይ ነው። ትልቅ ቱርቦ እዚያች ላይ ተኝቷል። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር ጓደኛዬ ተመሳሳይ ሞተር ላይ ትልቁን አስገጥሟል። አስፋልቱ ሜዳ ሲሆን እኔን ጥሎኝ ይሄዳል፣ አልክድም። ዳገቱ ላይ ግን ቱርቦው የሚነቃው ከ2,500 ዙር በኋላ ስለሆነ ሁልጊዜ ማርሽ ሲቀንስ ነው የማየው።

ነገሩ የጭሱ ቀፎ ስፋት ነው። ጠባብ ቀፎ ጭሱን አፍጥኖ ተሽከርካሪውን ቶሎ ያነሳዋል፤ ላይኛው ዙር ላይ ግን ያንቀዋል። ሰፊው ተቃራኒው ነው። ሻጮች «ኤ አር» እያሉ የሚጠሩት ቁጥር ይሄንን ነው የሚናገረው። አነስ ካለ ቶሎ ይነቃል፣ ተለቅ ካለ ዘግይቶ ይነቃና ብዙ ይሰጣል። ከአዋሽ ወዲህ ባለው ሜዳ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ተለቅ ያለውን ቢመርጥ አልቃወመውም።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ አለው፤ ሰው ብዙ ጊዜ አያነሳውም። ባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት አንድ ባር ያህል ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ ወደ 0.8 ይወርዳል። ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጥኩት መለኪያ የሚያሳየው ቱርቦው ከውጭው አየር ግፊት በላይ የጨመረውን ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ቦታ 0.7 ሊያሳይ ይችላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 0.7 ለመስጠት ግን ቱርቦው አየሩን 1.7 እጥፍ ነው የሚጨምቀው፤ ሐረር መግቢያ ላይ 1.9 እጥፍ ገደማ። መለኪያው ያው ነው፣ ቱርቦው ግን በጣም ፈጥኖ ይሽከረከራል፣ የሚያወጣው አየርም ይሞቃል። ያለ ኢንተርኩለር ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በቀላሉ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ «እስከ 1.2 ባር ይችላል» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ፣ የት አገር ነው የሚችለው ብላችሁ ጠይቁት።

በዚህ ምክንያት ኢንተርኩለርም አብሬ አስገባሁ፤ ራዲያተሩ ፊት። እውነቱን ለመናገር ከቱርቦው ያልተናነሰ ለውጥ ያመጣው እሱ ነው። ቱርቦው ከመግባቱ በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ አስገጥሜ ስለነበር ማወዳደር ችያለሁ። የድሮው ቱርቦ ጤነኛ በነበረ ጊዜ እንኳን ዳገቱ መሃል ላይ ከ700 ዲግሪ ያልፍ ነበር። አሁን እዚያው ቦታ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ከ650 በታች ይቆያል። የዚህ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፣ በሙቀት መሰንጠቅም ስሙ የወጣ ነው። ለኔ ከፈረስ ጉልበት በላይ ይሄ ቁጥር ነው የሚያስተኛኝ።

ጉልበቱስ? ጨምሯል፣ ተአምር ግን አይደለም። የናፍጣ ፓምፑ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ስለሆነ እንደ ድሮ ፓምፕ ቡሎን አዙሮ ናፍጣ መጨመር አይቻልም። አየር ብቻ ሲጨምር ሞተሩ ንጹሕ ያቃጥላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጥቁር ጭስ ይጠፋል። ናፍጣው ያው ከሆነ ጉልበቱ ብዙ አይዘልም። በሦስተኛ ማርሽ እወጣው የነበረውን ቁራጭ አሁን በአራተኛ እወጣዋለሁ፤ ሰውና ዕቃ ከሞላሁ ግን ያው ሦስተኛ ነው። የናፍጣ ፍጆታዬ ላይ ለመናገር የሚበቃ ልዩነት አላየሁም። «ናፍጣ ይቆጥባል» ብለው የሚሸጡላችሁን አትመኑ።

ገጠማው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቱርቦ የሚሞተው እዚህ ነውና። የሠራልኝ ሰውዬ በዕድሜ የገፋ ሜካኒክ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አዲሱን ቱርቦ ከካርቶኑ እንዳወጣ መጀመሪያ ያየው ቱርቦውን አይደለም። የድሮውን ዘይት ማስገቢያ ቱቦ አንስቶ ወደ ብርሃን አቀና። ቀዳዳው በተቃጠለ ዘይት ግማሹ ተደፍኖ ነበር። «የገደለው ይኼ ነው፤ አዲሱንም ይገድለዋል» አለና አዲስ ቱቦ አሠራ። ጫፉን ቶርኖ ቤት ወስደን በልኩ አስቆረጥን። ድሬ እንዲህ ላለ ሥራ የታደለች ናት፤ የምድር ባቡሩ ጋራዥ ያፈራቸው እጆችና እነሱ ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬም አሉ።

ዘይት መግቢያው ላይ ደግሞ ሲሊኮን አላስነካም፤ በጓርኒሲዮን ብቻ። ሲሊኮኑ ሲጨመቅ ወደ ውስጥ ይገባና ያቺን ጠባብ መንገድ ይዘጋታል። ከዚያ በመግቢያው ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት አንጠባጥቦ ተሽከርካሪውን በጣቱ አዞረ። ቀጥሎ የፓምፑን ናፍጣ መቁረጫ ሶኬት ነቀለና ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ አስዞረው። የዘይት መብራቱ ሲጠፋ ሶኬቱን መለሰና አስነሳ። ቱርቦ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። ዘንጉን የያዘው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ጥቂት ሰከንድ በደረቁ ከዞረ አለቀ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቱርቦው በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዳገቱ ላይ አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ልቀድም ወጥቼ ነዳጁን ረገጥኩ። መኪናዋ ሳብ አደረገችና በድንገት ጉልበቷ ጥፍት አለ። ናፍጣ ያለቀባት ነበር የሚመስለው። እግሬን ሳነሳ ተመለሰች። ከኤፍኤስአሩ ጀርባ ተመልሼ ስገባ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነበር። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። የትርፍ ግፊት መልቀቂያዋን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ሲመጣ ከልክ በላይ አጥሮ ነው የታሰረው። ግፊቱ ከተፈቀደው ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ለማዳን ናፍጣ ይቆርጣል። ጋሼ ዳዶዋን ፈትቶ ዘንጉን ትንሽ አስረዘመ፣ መለኪያውን እያየን እንደገና ሞከርን፣ 0.7 ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አልደገመኝም። ሻጩ ግን «ተስተካክሎ የመጣ ነው» ብሎኝ ነበር። ስደውልለት ደግሞ «ገጣሚው ነክቶት ይሆናል» አለኝ።

አብሮት የመጣው የኢንተርኩለር ጎማ ቱቦም እንዲሁ። የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት ሲመጣ ለሰሰና ፋሼታው (ማሰሪያው) ሥር ተሰነጠቀ። ፉጨት ሰማሁ፣ ጥቁር ጭስ ተመለሰ። ጨርቅ የተጠላለፈበት የሲሊኮን ቱቦ ከታይዋን አፈላልጌ ቀየርኩት፤ እስካሁን ደህና ነው። ኪት ስትገዙ ቱቦውንና ፋሼታውን እንደሌለ ቁጠሩት።

ዋጋውን አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሆንም። ከወጪዬ ቱርቦው ራሱ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም ማለት ግን እችላለሁ። ቀሪው ኢንተርኩለር፣ ቱቦ፣ መለኪያ፣ ዘይትና የእጅ ዋጋ ነው። ለቱርቦ ብቻ የሚበቃ ብር የያዘ ሰው ካርትሪጁን ቀይሮ በተረፈው የሙቀት መለኪያ ቢገዛ ይሻለዋል።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ፊልትሮውም አብሮ። ዳገት ወጥቼ ስቆም ሞተሩን ወዲያው አላጠፋም፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በቀስታ ትሠራለች። ሐረር ሸዋ በር ስደርስ ባጃጆቹ እየጮሁብኝ እንኳን ይሄን አልዘልም። የአየር ማጣሪያውን የድሬ አቧራ ቶሎ ስለሚሞላው ደጋግሜ አየዋለሁ። በየወሩ ደግሞ ሞተሩ በርዶ ሳለ የአየሩን ቱቦ ፈትቼ ዘንጉን በሁለት ጣት እይዛለሁ። ወደ ጎን ለስሜት ያህል ብቻ ቢንቀሳቀስ ጤና ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መግፋትና መሳብ ከጀመረ፣ ወይም ምላጮቹ ቀፎውን ከነኩ፣ የዚያን ዕለት መኪናዋ ትቆማለች። የኔ እስካሁን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አትልም።

ቱርቦ የሌለው የድሮ ናፍጣ ያላችሁ፣ ለምሳሌ ዋን ኤች ዜድ ላንድክሩዘር፣ ይሄን ግምገማ ለእናንተ ብላችሁ እንዳትወስዱት። እሱ ሲሠራ ለቱርቦ ስላልታሰበ ዝቅተኛ ግፊት፣ የሙቀት መለኪያና የፓምፕ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ሒሳቡም ሌላ ነው።