ሕክምና ለሁሉም፦ በግብር ወይስ በመዋጮ?

ሕክምና ለሁሉም ሊዳረስ ይገባል በሚለው ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ የሚያከራክረው ወጪው በምን መንገድ ይሸፈን የሚለው ነው። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1948 የመረጠችው መንገድ ሕክምናን በዋናነት ከግብር መሸፈን ነው፤ ታማሚው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ገንዘብ አይጠየቅም። እኛ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የጀመርነው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ግን ቤተሰቦች በየዓመቱ በሚያዋጡት ገንዘብና በመንግሥት ድጎማ የሚቆም ሲሆን፣ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል።

የመጀመሪያው ይበልጥ ፍትሐዊ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ማንም ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሕክምና አይጎድልም። ሆኖም አብዛኛው ሰው ከደመወዝ ግብር መዝገብ ውጭ በሆነበት አገር ሸክሙ በጥቂቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል። መዋጮው በአንጻሩ እድር ለለመደ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ አደጋው ጤነኛው ቀርቶ የታመመው ብቻ ሲመዘገብ ቋቱ መድረቁ ነው።

በመሀል አዲስ አበባ በአንድ ጤና ጣቢያ ከፊቴ የተሰለፉ እናት የመድኅን መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ነበር። ያለ ክፍያ ተመረመሩ፤ የታዘዘላቸው መድኃኒት ግን ስላልነበረ ማዘዣውን ይዘው፣ መቀነታቸውን እየፈቱ፣ ፒያሳ ወዳለ የግል መድኃኒት ቤት አመሩ። ስለዚህ ለጊዜው መዋጮውን እመርጣለሁ፤ ከግብር የሚገኘው ድጎማ ግን አስቀድሞ የመድኃኒት መደርደሪያውን ይሙላ።