ኦፕን ዲኤስኤስ፦ ለስርጭት መስመር ዕቅድ ምን ያህል ይጠቅማል?

የኤሌክትሪክ ስርጭት መስመር ስናቅድ የለመድነው አሠራር የዓመቱን ከፍተኛ ጭነት (ደንበኞች በአንድ ጊዜ የሚስቡትን ኃይል) ወስዶ ሽቦውና ትራንስፎርመሩ ይችሉት እንደሆነ ማስላት ነው። በመስመሩ ጫፍ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሲተከል ግን ይህ ስሌት ብቻውን አይበቃም፤ ፀሐይ የምትበረታው ቀን ሲሆን በመኖሪያ አካባቢ ጭነቱ የሚበረታው ሲመሽ ነውና። ኦፕን ዲኤስኤስ (OpenDSS) የተባለው የስርጭት መስመር ማስያ ሶፍትዌር የዓመቱን 8,760 ሰዓታት አንድ በአንድ ተከትሎ ስለሚያሰላ ለዚህ ሥራ ከልብ እመክረዋለሁ።

የሶፍትዌሩ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ የአሜሪካው የኤሌክትሪክ ኃይል ምርምር ተቋም ኢፕሪ በ2008 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለሙከራ የአንድ ረጅም የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ሞዴል አዘጋጅቼ ጫፉ ላይ የፀሐይ ማመንጫ አስገባሁበት። ወፍጮዎች በማይሠሩበት የእሑድ እኩለ ቀን ከማመንጫው አጠገብ ያለው ቮልቴጅ ከፍ አለ፤ ሲመሽ ደግሞ ማመንጫው ሳይኖር ወደነበረበት ዝቅታ ተመለሰ። ባትሪ ጨምሬ ቀን የተጠራቀመው ኃይል ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት እንዲወጣ ሳደርግ ነው የምሽቱ ቮልቴጅ የተሻሻለው። ከፍተኛውን ጭነት ብቻ ይዞ የሚያሰላ ዕቅድ አውጪ ይህን ልዩነት አያየውም። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፌዝ (ኃይል ከሚሄድባቸው ሦስት የመስመሩ ሽቦዎች አንዱን) ለየብቻ ማስላቱም ለእኛ መስመሮች ይስማማል፤ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስቡ የእንጀራ ምጣዶች አንድ ፌዝ ላይ ሲበዙ የሚፈጠረው መዛባት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥብቅ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነጥብ አለ። ተጠቃሚው ካልቀየረው በስተቀር የጭነቱ ዝቅተኛ የቮልቴጅ ወሰን የመደበኛው ቮልቴጅ 95 በመቶ ነው፤ ቮልቴጁ ከዚያ ሲወርድ ሶፍትዌሩ ጭነቱን እንደ ቋሚ ኢምፒዳንስ (የማይለዋወጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ስለሚቆጥረው የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፣ ደካማው መስመርም ደህና መስሎ ይታያል። በገጠር መስመሮቻችን ላይ ምሽት ከዚህ ወሰን በታች መውረድ የተለመደ በመሆኑ፣ ቁጥሩን ዝቅ ሳያደርጉ የሚገኝን ውጤት ማመን አይገባም።

ወጪን በተመለከተ ሶፍትዌሩ የሚሰጠው መልስ የለም፤ ሽቦ መቀየር ይሻላል ወይስ ባትሪ መትከል የሚለውን ዋጋ ጨምሮ ማነጻጸር የዕቅድ አውጪው ሥራ ነው። ትእዛዞቹም በጽሑፍ የሚገቡ ስለሆኑ በሥዕል መሥራት የለመደ ሰው መጀመሪያ ይቸገራል፤ አብሮት የሚመጣውን ባለ 13 መጋጠሚያ የሙከራ መስመር ደጋግሞ ቢሠራበት ቶሎ ይለምደዋል። ወደ ራሱ መስመር ከመሄዱ በፊት ግን ትራንስፎርመሩ ላይ የሰዓት በሰዓት ጭነት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይመዝግብ፤ በግምት የተሞላ የጭነት መረጃ 8,760 ጊዜ ቢሰላም ያው ግምት ነው።