የሚከራይ ሱቅ በባሕር ዳር፦ ቴሌግራም ወይስ ድረ ገጽ?

ዓባይ ማዶ የሚከራይ ሱቅ ወይም ቢሮ ያለው ሰው የት ያስተዋውቅ?

ወጪ፦ የራስን የቴሌግራም ቻናል መክፈት በነጻ ነው። ከንብረት ማስታወቂያ ድረ ገጾች አንዳንዶቹ ያስከፍላሉ።

ዕድሜ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የቴሌግራሙ ማስታወቂያ በአዳዲሶች ተገፍቶ በማግስቱ ይረሳል። የድረ ገጹን ግን «ባሕር ዳር የሚከራይ ሱቅ» ብሎ ጎግል ላይ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከወር በኋላም ሊያገኘው ይችላል፤ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ ፎቁና በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀው የዓባይ ድልድይ ያለው ርቀት ከተጻፈ። «ምርጥ ቦታ» ብሎ የሚፈልግ የለም!

ስጋት፦ በሁለቱም ዘንድ ፎቶውን ቀድቶ የራሱን ስልክ የሚለጥፍ ደላላ አይጠፋም።

ለአንዲት ሱቅ፣ ተከራዩም የሰፈር ሰው ከሆነ፣ ቴሌግራም ይበቃል። ሙሉ ፎቅ ለባንክ የሚያከራይ ግን ድረ ገጹ ላይ ያውጣና የማስታወቂያውን ሊንክ በቻናሉ ይላክ።