ከጅማ ላሊበላ ደርሶ መልስ፦ የአንድ ጉዞ ማኅበር መስተንግዶ

በጅማ ከሚንቀሳቀሱት የጉዞ ማኅበራት በአንዱ አዘጋጅነት እናቴን ይዤ ለገና በዓል ላሊበላ ደርሼ ተመልሻለሁና፣ በዚያው መንገድ ለመሄድ ለሚያስቡ ምእመናን የታዘብሁትን መጻፍ ተገቢ መስሎኛል። ስለ መኪናው ብዙ የምለው የለኝም፤ ሾፌሩ ጠንቃቃ ነበር፣ አዲስ አበባና ደሴ አድረን በሦስተኛው ቀን ገባን። ማደሪያ በክፍያው ውስጥ ነው ከተባልን በኋላ ደሴ ላይ እንደገና ከኪሳችን መክፈላችን ግን ቅር አሰኝቶናል።

የማኅበሩ ትልቁ ውለታ የቦታውን ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ የአካባቢው አስጎብኚ ማቅረቡ ነው። ከተማይቱ ቀድሞ ሮሃ ትባል እንደነበር፣ ኋላ ግን በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በዛጉዌው ንጉሥ በቅዱስ ላሊበላ ስም እንደተጠራች ካስረዳ በኋላ፣ መላእክት አብረው ያንጹ ነበር የሚለውን ትውፊት በአክብሮት ተረከልን። ቤተ መርቆሬዎስንና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ሲያሳየን ደግሞ፣ ሁለቱ በመጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያንነት የተፈለፈሉ አይመስለንም የሚሉ ተመራማሪዎች መኖራቸውን አልደበቀም። ይህን ወድጄለታለሁ።

ቤተ አማኑኤል ስንደርስ፣ አንዱ ረድፍ ወጣ ሌላው ገባ ብሎ የተጠረበው ግድግዳ የአክሱም ግንበኞች እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ ይሠሩት የነበረውን ግንብ እንደሚመስል በእጁ እየጠቆመ አመለከተን። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን የእንጨት ቤተ መንግሥት እያየሁ ላደግሁት ለእኔ፣ ከአንድ ወጥ አለት የወጣ ሕንፃ እንጨት ለመምሰል ያን ያህል መድከሙ እጅግ ደነቀኝ። እናቴም ጠጋ ብላ አየችና «ልጄ፣ ይኼማ ወጋግራ ነው እኮ!» አለችኝ።

የሚያሳዝነው ለዚህ ሁሉ የተመደበልን ጊዜ አንድ ቀን ተኩል ብቻ መሆኑ ነው። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት፣ ያውም በየደጃፉ ጫማ እያወለቁ በበዓል ሕዝብ መካከል፣ በዚህ ጊዜ ማዳረስ ለአረጋውያን የሚቻል አይደለም፤ እናቴ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ሆና ከማየት በቀር ወርዳ ሳትሳለም ቀረች። ታኅሣሥ 29 ግን አዘጋጆቹ ገና ሳይነጋ ቀስቅሰው በቤተ ማርያም ጥሩ ቦታ አስይዘውን ስለነበር፣ ካህናቱ ከፊሎቹ ከአለቱ አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲቀባበሉ እናቴ ተቀምጣ ለመከታተል በቅታለች።

ከዚሁ ማኅበር ጋር ድጋሚ ብሄድ ደስ ይለኛል፤ ከመመዝገቤ በፊት ግን የቆይታውን ቀንና የማደሪያውን ክፍያ በጽሑፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።